«ተከራይ ናት፣ ትወጣለች»

ነገሩ የሆነው አምና ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው፣ ነቀምቴ ላይ። ልጄ ቤት ልትገዛ ነበር። አይተነው፣ ወደነው፣ ቀብድ ልንሰጥ ስንል አንዲት ቃል አቆመችን። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ ሰው ግን ከነግድግዳው፣ ከነቆርቆሮው፣ ከነአቮካዶው ዛፍ አብሮ ሲሸጥ ያየሁት ያኔ ነው።

ቤት የምትፈልጉ ካላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት ከወሎ መጥተን አንገር ጉቲን በሰፈርን ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት የረገጥኩት ልጆቼን ላስመዘግብ ብቻ ነው። ግድፈቴን እለፉልኝ። የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። የአንዲቱን እናት ስም ግን መቀየር አልቻልኩም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

እኔ የራሴ ቤት የለኝም፤ ቤቴ ልጆቼ ናቸው። ትልቁ ልጄ አንገር ጉቲን በቆሎ ያርሳል፣ አንዷ ጊምቢ ናት፣ የሺ ደግሞ ነቀምቴ። በፌስታል ነጠላዬንና መድኃኒቴን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ ስዞር እኖራለሁ። የልጅ ልጆቼ «አያታችን መናኸሪያ ናት» እያሉ ይስቁብኛል። መዞር አይከፋም። ብዙ ቤት የገባ ሰው ስለ ቤት ትንሽ ትንሽ ያውቃል።

የሺና ባለቤቷ ገመቹ ከተጋቡ ጀምሮ በኪራይ ነው የኖሩት። ገመቹ የጉቶ ጊዳ ልጅ ነው፣ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ይበዛል። አከራያቸው ልጁን ሊድር ነውና ክፍሎቹን ፈለጋቸው። «ክረምቱ ሳይጠና ልቀቁልኝ» አላቸው። እነሱም ከአፋቸው እየነጠቁ፣ እቁብ እየጣሉ ለዓመታት ያጠራቀሙት ነበራቸውና «እንግዲህ ከኪራይ ወደ ኪራይ ከመንከራተት ቤት እንግዛ» አሉ። ያ ገንዘብ አንዴ ከወጣ ሁለተኛ የሚገኝ አይደለም። የሺ ይህንን ስለምታውቅ፣ ጊምቢ እህቷ ጋ ሳለሁ ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ ነይና አብረሽኝ እይ። እኔን ቀለም ያታልለኛል» አለችኝ።

ፌስታሌን አንጠልጥዬ መጣሁ።

ደላላውን ፍቃዱ እንበለው። አፉ ቅቤ ነው። ከእሱ ጋር ስንዞር የደላላን ቋንቋ ለመድኩት። «ለመንገድ ቅርብ ነው» ካለ አቧራው ወጥ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው» ካለ ባጃጅ እንኳ አይደርስም። «ትንሽ እድሳት ይፈልጋል» ካለ አፍርሳችሁ ሥሩት ማለቱ ነው። አንዱ ቤት ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ ጓሮው እየተናደ ግማሹ ወርዷል። «እይታው ያምራል፣ እማማ!» ይለኛል። «እይታ ለልጆቹ ምሳ ይሆናል እንዴ?» አልኩት። ሳቀ። መሳቅ ይችልበታል።

ሌላው ቤት ከላይ ግድግዳው አሮጌ ነው፣ ግርጌው ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ተለቅልቋል። መዳፌን ብለጥፍበት ቀዘቀዘኝ። እርጥበት በቀለም ከዓይን ይደበቃል፣ ከእጅ ግን አይደበቅም። እናንተም ቤት ስታዩ ጎንበስ በሉና ግርጌውን ዳስሱት። ቁምሳጥን ካለ ከጀርባው በኩል አሽትቱት። ባለቤቱ ይቀየማል ብላችሁ አትፈሩ፤ የሚቀየም ከሆነ የሚቀየምበት ምክንያት አለው ማለት ነው።

ደግሞ በበጋ የታየ ቤት ሁሉ ደህና ቤት ነው። የወለጋ ዝናብ እንደ ሌላው አገር ዝናብ አይደለም፤ ከጀመረ ማቆሙን ይረሳዋል። ስለዚህ በገባሁበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቤት ክረምትን እንዴት ያልፋል?

ይቺው ጥያቄ ናት ጉዱን ያወጣችው።

ያን ቀን ፍቃዱ በባጃጅ ወስዶን ዳገቱን ወጥተን አንድ ግቢ ገባን። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ወደድኩት። ቤቱ የጭቃ ሆኖ በደንብ የተለሰነ ነው፤ ግርጌውን ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። ግቢው ውስጥ ትልቅ አቮካዶ አለ። ከጀርባ አንዲት ጠባብ ሰርቢስ ቤት አለች። የሺን ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ውስጥ ልጆቿን አልጋ አልጋቸው ላይ እያስተኛቻቸው ነው።

የሚሸጡት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየውን ኦቦ ተሬሳ፣ ሚስቲቱን ጫልቱ እንበላቸው። እሱ ከፍቃዱ ጋር አቮካዶው ሥር ቆሞ ያንሾካሹካል። እሷ በዕድሜ ሃምሳ ሳትሞላ አትቀርም፤ የጉቶ ጊዳ የገጠር ልጅ መሆኗ ከአነጋገሯ ይታወቃል። በኦሮምኛ ሰላም ስላት ደስ ብሏት እጄን ይዛ አስገባችኝ። አሬራ ቀዳችልን። ስትቀዳ ግን መጀመሪያ የቀዳችውን ለእኛ አልሰጠችም፤ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። በመስኮት አየኋት። ሰርቢሷ በር ላይ አንዲት ባልቴት ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ጎንበስ ብላ ሰጥታቸው፣ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች ተመለሰች።

«እኚያ ማን ናቸው?» አልኩ።

ፍቃዱ ከውጭ ሰምቶኝ ኖሮ ቀደም ብሎ መለሰ። «ተከራይ ናት፣ ትወጣለች። ነገ ውጪ ቢሏት ነገ ትወጣለች። ምንም ችግር የለም።»

«ይወጣሉ» አለች ጫልቱ ቀስ ብላ። እሱ «ትወጣለች» ያላቸውን እሷ «ይወጣሉ» አለቻቸው። ጨዋ ሴት ናት ብዬ አለፍኩት።

እኔም ወደ ጓሮ ወጣሁ። ተከራይም ቢሆኑ ሰው ናቸው፤ ሰላም ሳይባሉ አይታለፍም።

«አከም ጂርቱ፣ አኮ?» አልኳቸው። እንደምን ነዎት፣ አያቴ ማለት ነው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጸሎቱ ዛሬ ነው ወይስ እሁድ?» አሉኝ።

«የምን ጸሎት?»

«አትስሟት፣ እማማ» አለ ፍቃዱ ከኋላዬ ደርሶ። «አርጅታለች፣ ትዘባርቃለች።»

ባልቴቷ ግን የሚዘባርቁ አይመስሉም። ፍሬውን ከቆረቆንዳው ሲለያዩት አንዲት እንኳ መሬት አትወድቅባቸውም። ቢሆንም ምን አውቃለሁ ብዬ ተመለስኩ።

ከጫልቱ ጋር ወሬ ጀመርን። እንግዲህ ጥያቄዬን ጠየቅኋት። «ጫልቱ፣ ይህ ቤት ገናን እንዴት ያልፋል?» አልኳት በኦሮምኛ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በኦሮምኛ ገና ማለት ክረምት ነው። በእኛ ገና የጌታ ልደት ነው። ለጆሮ አንድ ነው፣ ሰው ያሳስታል። እኔ ራሴ አንገር ጉቲን እንደገባን ድንቄ የምትባል ጎረቤቴ «ገና ሊገባ ነው፣ እንጨት አስገቢ» ስትለኝ «በሰኔ? የእናንተ ጌታ በሰኔ ነው እንዴ የሚወለደው?» ብዬ ስቄባታለሁ። ዝናቡ ሲመጣ እሷ በተራዋ ሳቀችብኝ።

ጫልቱ መለሰችልኝ። «ክረምት ምንም አይለውም፣ ጣሪያው ጠንካራ ነው» አለችኝ። ሁሉንም በኦሮምኛ ተናግራ «ክረምት» የምትለዋን ብቻ በአማርኛ ጣል አደረገቻት።

እዚህ ገበያ ወጥቶ ቋንቋ የማይቀላቅል የለም፣ አልገረመኝም። እንደገና ጠየቅኋት። «የገና ጎርፍስ በየት በኩል ነው የሚወርደው?»

«የክረምት ጎርፍ በታች በኩል ነው፣ ቦይ አለው።»

አሁን ትንሽ ገረመኝ። እኔ የወሎዋ «ገና» እላለሁ፤ እሷ የጉቶ ጊዳዋ «ክረምት» ትለኛለች። ለእኔ ብላ ይሆን? የእኔ ኦሮምኛ እንደሆነ ከእሷ አማርኛ ይሻላል!

የሺ ደግሞ ከወዲያ፣ ሳሎኑን እየዞረች በአማርኛ «ቀለሙ አዲስ ነው፣ ለገና ነው የቀባችሁት?» አለቻት።

«አዎ፣ ለ… ለልደት» አለች ጫልቱ።

ዞር ብዬ አየኋት። ቃሉ በአማርኛም ቢመጣ አትጠራውም። የሆነች ድንጋይ መንገድ ላይ እንዳለች ሁሉ፣ በደረሰች ቁጥር ዞራት ታልፋለች።

በዚህ መሐል ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ሴት ድምፅ መጣ። «አኮ ገኔ! አኮ ገኔ! ወንፊቴን ያቀብሉኝ፣ ዱቄቱ ቆሞብኛል!»

ባልቴቷ እያቃሰቱ ተነሡ።

ገኔ። በክረምት ለተወለደች ሴት ልጅ የሚወጣ ስም ነው፤ ገኔ ከገና።

ያቺ ጎረቤቴ ድንቄ ትዝ አለችኝ። ጠዋት ሰው ሁሉ «አከም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርሽ፣ ሲባባል እሷ ብቻ እጇን አወዛውዛ ታልፍ ነበር። ኩራተኛ ናት እያልን አማናት። ኋላ ስንቀራረብ ነገረችኝ፤ የባሏ እናት ስማቸው ቡልቱ ነበር። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስማቸውን የሚመስል ቃልም ከአፏ አይወጣም። ለጉ ይሉታል። ድንቄ አማቷ ከሞቱ በኋላ እንኳ «እንዴት አደርሽ» ማለት አልቻለችም። አንዳንድ የከተማ ልጆች ትተውታል፤ በገጠር ያደገች ሴት ግን በጥፊ ቢመቷት አትለውም።

እንግዲህ አስቡት። ማን ናት የተከራይዋን ስም የምትፈራ?

የሺ ስልኳን አውጥታ ለገመቹ «አገኘን» ልትለው ነው። «ቆይ» አልኳት። ሁላችንም ደጅ ወጣን።

«ጫልቱ፣ እኚህ ተከራይሽ ስማቸው ማን ነው?»

ጫልቱ ዓይኗን ወደ ጓሮው መለሰች።

«ስሟን የማታውቂያት ተከራይ አለሽ?»

«እማማ ደግሞ!» አለ ፍቃዱ። «የተከራይ ስም ምን ያደርግልዎታል? ቤት ነው የሚገዙት ወይስ ስም?»

«አንተን አልጠየቅሁም፣ ልጄ። ጫልቱ፣ በይ በስማቸው ጥሪያቸው። አንድ ጊዜ ጥሪያቸውና ወዲህ ይምጡ፣ ላነጋግራቸው።»

ጫልቱ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ባሏን አየችው። እሱ ዘሎ መጣ።

«ገኔ ነው ስሟ! ገኔ! ይኸው ጠራሁልዎ፣ በቃ?»

ባልቴቷ ወንፊቱን በአጥር አቀብለው እየተመለሱ ነበር። ቆሙ። ፊታቸው እንዴት እንደሆነ ልገልጽላችሁ አልችልም።

«ተሬሳ» አሉ። «ማንን ነው በስሟ የምትጠራው? እኔን እናትህን ነው?»

የሺ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። «አኮ፣ እኛ ቤቱን ልንገዛ ነው የመጣነው» አልኳቸው።

«የቱን ቤት?»

«ይህንን።»

«ይሄማ የእኔ ቤት ነው!» አሉ። ሳቅ ብለው ነበር፣ የተሳሳትኩ መስሏቸው። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩና ሳቃቸው ቀረ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመጣሉ፣ ቤቱ ለጸሎት ይበቃ እንደሆነ ሊያዩ ነው፣ ብለዋቸው ነበር። ሰርቢስ ቤት ያወረዷቸው ጣሪያው እስኪጠገን ብለው ነበር። ለመብራት ቆጣሪ ነው ብለው በጣታቸው አስፈርመዋቸዋል፤ እሱ ለካ ውክልና ነው። «የዚህን ግድግዳ ጭቃ ከባሌ ጋር በእግሬ የረገጥኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «የሞተውም እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። እኔስ የት ልሙት ብለው ነው?»

ተሬሳ ጮኸ። «እማማ፣ ቤት ልትገዙ ነው ወይስ ልትፈርዱብን ነው የመጣችሁት?»

«ልንገዛ ነበር፣ ኦቦ ተሬሳ። ከባለቤቷ።»

ፍቃዱ አሁንም አላፈረም። «ሁሉም ሕጋዊ ነው፣ ውክልና አለው!» ይላል። ያ ሰው ሁሉንም ያውቅ ነበር። የተሬሳ እናት መሆናቸውን ያውቃል፣ አለመሸጣቸውን ያውቃል፣ ቤቱም ውስጥ ገብቶ አሬራቸውን ጠጥቷል። «ተከራይ ናት» ብሎ የፈጠረላቸውም እሱ ነው፤ ጫልቱ ኋላ ነግራኛለች።

ግቢውን ለቀን ባጃጅ ተሳፈርን። የሺ ትንሽ መንገድ እንደሄድን አለቀሰች። እኔ ለባልቴቷ ያለቀሰች መስሎኝ ጀርባዋን ብዳብሳት እጄን ገፋችው።

«ልጆቼን የት ላግባቸው?» አለችኝ። «እማዬ፣ ስንት ቤት አየን? ይሄ ነው ደረቁ፣ ይሄ ነው የሚሆነን። እኛ ባንገዛው ሌላው ይገዛዋል። ያኔ ሴትዮዋም ትወጣለች፣ እኛም ሜዳ ላይ ነን። ማን ተጠቀመ? ንገሪኝ፣ ማን ተጠቀመ?»

እውነቷን ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ልጄ ክፉ ሆና አይደለም እንዲህ ያለችው፣ ጨንቋት ነው። እነ ፍቃዱ የሚነግዱት በቤት አይደለም፣ በሰው ጭንቀት ነው። የተጨነቀ ሰው የጓሮዋን ባልቴት አያይም። እንዳያይም ቀን ይቆረጥለታል፣ «ሌላ ገዢ መጥቷል» ይባላል፣ ይጣደፋል።

ማምሻውን ገመቹ ደወለ። የሺ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። ሰማትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሚስቲቱ በኦሮምኛ እያወራች ነው "ክረምት" ያለችው?»

«አዎ።»

«ተይው በቃ፣ የሺ። የራሷ አፍ አልሸጥም ያለውን ቤት አንገዛም።»

የሺ ስልኩን ዘግታ ተኛች። እኔ ግን በነጋታው ተመልሼ ሄድኩ፤ ወደ ግቢው ሳይሆን ወደ ባለ ወንፊቷ ጎረቤት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እናውቅ ነበር» አለችኝ። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለን ዝም አልን።»

«እኛ ገዢዎቹስ የማን ቤተሰብ ነን?» አልኳት። «ደግሞ አኮ ገኔ ሲወጡ በአጥር ላይ ቆመሽ ልታይ ነበር? ወንፊትሽንስ ማን ሊያቀብልሽ ነው?»

አፈረች። አፍራ ግን አልተቀመጠችም፤ ሻርፗን አድርጋ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ይዛኝ ሄደች። ሽማግሌዎቹ መጥተው አቮካዶው ሥር ተቀመጡ። ተሬሳ ብዙ አወራ፤ ዕዳ አለብኝ አለ፣ እናቴን ገጠር እህቴ ጋ በክብር ላኖራት ነበር አለ። እህቱ ስለዚህ አንድም ነገር አልሰማችም። ከዚያ ጫልቱን «ቤቱ የማን ነው?» ብለው ጠየቋት። ቆማ ነበር። ባሏን አላየችውም። ስም አልጠራችም፣ እጇን ወደ ሰርቢሷ በር ዘረጋች። አኮ ገኔ እዚያ ተቀምጠዋል።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይዘዋቸው ሄደው ውክልናውን አስነሡ። አኮ ገኔ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ሳልፍ እገባለሁ፣ አሬራ እንጠጣለን፤ ከልጃቸው ጋር ግን ቃል አይለዋወጡም። ከጫልቱ ጋር በአንድ ገበታ ነው የሚበሉት። ሰው «አዳንሻቸው» ይለኛል። እኔ ምን አዳንኩ? ቤቱ የራሳቸው ነው። አንዲት እናት የራሷን ቤት ለማቆየት ገዢ ከወሎ መምጣት አለበት እንዴ?

እንግዲህ ቤት የምትገዙ፣ አደራ። ካርታውን የሚያይላችሁ ሰው አይጠፋም። እሱ ይታይ፣ ግን አይበቃም። ውክልና አለኝ ለሚላችሁ «የወከለህን ሰው አሳየኝ» በሉት፤ ከወከለውም ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ በአፉ ይንገራችሁ፣ እሱ በሚናገረው ቋንቋ። ቤቱን አንድ ቀን ያለ ደላላ ሂዱና እዩት። ጎረቤቱ ካለች ሱቅ ጨው ግዙና ቆም በሉ፤ ጨው የሚገዛ ሰው ብዙ ይሰማል። ቋንቋውን የማታውቁ ከሆነ የሚያውቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያስተረጉምላችሁ ደላላው አይሁን። ጓሮ ገብታችሁ የተቀመጠውን ሰው ሰላም በሉት። «አርጅታለች፣ ትዘባርቃለች» ቢሏችሁ ያን ጊዜ በደንብ አዳምጡ።

የሺ እስካሁን ቤት አላገኘችም። ክረምቱን ሌላ ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ጠባብ ክፍል አሳለፉት። ዝናቡ በበሩ ሥር ሲገባ ቀና ብላ ታየኝ ነበር። እኔም ጨርቅ አንሥቼ እጠርግ ነበር። ተቀይማኝ እንደሆነ አላውቅም። ትቀየመኝ፤ እኔ በዚያ ነገር አልጸጸትም።

ባለፈው ሳምንት ወደ አንገር ጉቲን ልሳፈር መናኸሪያ ስደርስ ፍቃዱ ከሩቅ አየኝና እየሳቀ መጣ። ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ ፌስታሌን ሊቀበለኝ ይላል።

«እማማ፣ አሁንስ ልክ ለእናንተ የሚሆን አገኘሁላችሁ! ግቢው ጭር ያለ፣ ባዶ ነው፣ ተከራይ የለ፣ አሮጊት የለ፣ ማንም የለበትም!»

«የነበሩበትስ የት ሄዱ?» አልኩት።

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። አንድ ሌላ ገዢ የጠራው ይመስል ዞር ዞር አለና ሰው መሐል ገባ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ እንኳ ለብቻዬ አጉረመርም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ታመሙ እንዴ፣ እማማ?» አለችኝ። «አይ ልጄ» አልኳት፣ «ተናድጄ ነው።»